ቅንድቤን ያስበላኝ ቅጠል

ቅንድብ ምን እንደሚሠራ የሚገባችሁ የጠፋባችሁ ቀን ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ቅንድብ እንዳለኝ እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን የቀኙ ሄዶ የግራው ብቻውን ሲቀር፣ ላቤ እየተንቆረቆረ ቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የባሰው ደግሞ ክፍል ውስጥ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ አስተማሪ ደግሞ ከአፉ በፊት በቅንድቡ ነው የሚቆጣው። አሁን ስቆጣ ግማሹ ክፍል ይደነግጣል፣ ግማሹ ይስቃል።

አምቦ እንዲህ ያለ ፊት ይዘው በዝምታ የሚያልፉባት ከተማ አይደለችም። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ የማያውቀኝ ሰው የለም። «አካም ቡልተን መምህር? ምነው ፊትዎን ምን ነካው?» ይለኛል አንዱ። «ቤንዚን ነው» ካልኩ መንገድ ላይ ያቆመኛል። «ቅጠል ነው» ካልኩ ደግሞ ስለ አእምሮዬ መጨነቅ ይጀምራል። አንዷ የጉልት ቸርቻሪማ «ሚስቱ ናት አሉ» ብላ አስወርታብኛለች። ሚስቴ አስካለ ይህን ስትሰማ ገበያ መሄድ ልታቆም ምንም አልቀራት። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን ሁሉ «ሂድና አንብብ» ብዬ እገላገላለሁ።

ነገሩ የአባዬ ነው።

አባዬ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ተወልደው ያደጉት ሸነን፣ የጅባት ጫካ አፋፍ ላይ ነው። በወጣትነታቸው አምቦ መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት ሠሩ። ዳኛ እንዳይመስሏችሁ፤ በሩ ላይ ቆመው ባለጉዳዮችን በየስማቸው የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። የሰው ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አንዴ ከሰሙ አይስቱም። ድምፃቸውስ እንዴት ያለ ነበር መሰላችሁ! ማዶ ሻይ ቤት የተቀመጠ ተከራካሪ ብርጭቆውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። እንግዲህ የእኔን ስም የረሱት እኒህ ሰው ናቸው።

የእኔን ብቻ አይደለም፤ ብዙ ነገር ረስተዋል። ሐኪሙም «የዕድሜ ነው፣ ተንከባከቧቸው» ብሎ ነው የሸኘን። ሌላው ሌላው ሲረሳ ይቻላል። እኔን ግን ግርማ ይሉኛል። ግርማ እኔ ሳልወለድ የሞተ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ ቀና ብለው ያዩኝና፣

«ግርማ፣ ከብቶቹን ሆራ አወረድካቸው?» ይላሉ።

ሆራ ያ ጨው ጨው የሚለው፣ ከብት የሚወደው የምንጭ ውሃ ነው። እኛ ቤት ከብት የለም። ያለችው አንዲት ድመት ናት፤ እሷም ወተት ካልሆነ አትቀምስም።

«አባዬ፣ እኔ ግርማ አይደለሁም፤ ልጅዎ ነኝ» እላቸዋለሁ።

ያዩኝና «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፤ መንገድ ላሳያቸው ለማያውቁት ሰው እንደሚሉት፣ በትሕትና። አንጀቴን የሚቆርጠኝ ይኸው ትሕትናቸው ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ እሳቸው ብቻ የሚጠሩኝ አንድ የቁልምጫ ስም ነበረኝ። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ በዚህ ቅንድብ ላይ እሱን ከጨመርኩላችሁ ክፍል መግባቴ አበቃ ማለት ነው። ብቻ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ በዚያ ስም ቢጠሩኝ ብዬ ስመኝ እኖር ነበር።

መስከረም ላይ አንድ የሸነን ዘመዳችን ሊጠይቃቸው መጣ። ማር በቆርቆሮ ይዞ፣ የቆርቆሮውን አፍ በእርጥብ ቅጠል ወትፎታል። ቅጠሉ ማን እንደሚባል አትጠይቁኝ፤ ሁለት ሰው በአንድ ስም ሲጠራው አልሰማሁም። ዘመዳችን አንድ ስም ነገረኝ። ጎረቤቴ ኦቦ ደበላ «ዲሲ! ተወው፣ እሱ ሌላ ነው» ብለው ሌላ ስም ነገሩኝ። አስካለ ሁለቱም ተሳስተዋል አለች። አባዬ ግን ስሙን የጠየቀ ሰው መኖሩንም አላወቁ። ቅጠሉን ከቆርቆሮው ላይ ነቅለው በመዳፋቸው አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና በዚያ ስም ጠሩኝ።

«መቼ መጣህ?» አሉኝ።

ከጎናቸው የተለየሁበት ቀን የለም። «አሁን መጣሁ አባዬ» አልኩ።

ከሰዓቱን ሙሉ አወሩኝ። ትከሻቸው ላይ አድርገውኝ ጫካውን አቋርጠን እናታቸውን ልንጠይቅ ስንሄድ ዝናብ እንደያዘን፣ ራሴን በዚያ ቅጠል እንደሸፈኑልኝ፣ ዛፍ ላይ ጉሬዛ አይቼ ደንግጬ አንገታቸው ላይ እንደሸናሁባቸው ሳይቀር፣ እንግዳው ፊት፣ ሚስቴ ፊት፣ ጮክ ብለው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ቅጠሉ ጠወለገ። ሲደርቅ ጭድ ሆነ፤ ብታሹት፣ ብታሸቱት ምንም የለውም። አባዬም ቀና ብለው «ግርማ፣ ከብቶቹን…» አሉ።

ዘመዳችን ጋ ደወልኩ። ቅጠሉ ክረምቱ ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚገኝ፣ ፀሐዩ ጠና ካለ እንደሚያልቅ ነገረኝና ያገኘውን ሰብስቦ በሚኒባስ አንድ ጆንያ ላከልኝ። እሱም ሲደርስ መጠውለግ ጀምሯል። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ሽታውን ከቅጠሉ አውጥቼ ጠርሙስ ውስጥ ካላስገባሁት እስከ ከርሞ ግርማ ነኝ። ከርሞ ደግሞ አባዬ ይኑሩ አይኑሩ ማን ያውቃል?

የመጀመሪያውን ሙከራ ማንንም ሳላማክር በራሴ ጥበብ ሠራሁት። ትልቅ ድስት ጥጄ ቅጠሉን ቀቀልኩት። ሽታው ወጣ! ከኩሽናው ወጣ፣ ከግቢው ወጣ፣ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» ይል ጀመር። አባዬ ግን ያን ሰዓት ተኝተዋል። ሲነሱ ድስቱ ውስጥ የቀረው የጎመን ውሃ የመሰለ ነገር ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሲደሰትበት ውሎ ለእሳቸው ጠብታ አልተረፈም።

እሁድ የእህቴ ልጅ ጫልቱ ከጉደር መጣች። ጫልቱ ኬሚስትሪ ተምራ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። አባዬ አያቷ ናቸውና ነገሩ እሷንም ሆዷን ይበላታል። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ።

«አጎቴ፣ የሚሸተው ዘይቱ ነው» አለች። «ውሃ አይዘውም፤ ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ተያይዞ ሄዷል። ጠንካራ አልኮል ነው የሚይዘው። ከትፎ እዚያ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው እንጂ እሳት አያስፈልገውም። አልኮሉ ይነድዳል፣ እሳት ባለበት እንዳያስጠጉት። ቅጠሉን ደግሞ አናውቀውም፣ ለማሽተት እንጂ አባባን እንዳያስቀምሷቸው።»

«ሌላስ?»

«ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ የሚባል ነገር እንዳያስቡ። እሳት ላይ የሚጥዱት ዕቃ ካለም ክዳኑን አይጠርቅሙት፤ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ለማንኛውም እስከ መጪው እሁድ ይታገሡኝ። ትክክለኛውን አልኮልና ዕቃውን ይዤ እመጣለሁ።»

ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆም አለችና አንድ ነገር ጨመረች። «ፈሳሹን መምረጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ አጎቴ? እርስዎ የፈለጉትን ብቻ አይደለም የሚያወጣው። ያልፈለጉትንም ጎትቶ ያመጣል።»

እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት። አስተማሪ ራሱን ሲነቀንቅ እንዳታምኑት። ተማሪው ትክክል መለሰ አልመለሰ እያለ ነው እንጂ እየተማረ አይደለም።

መታገሥማ ጥሩ ነበር። ግን ጆንያውን በከፈትኩት ቁጥር ቅጠሉ ዓይኔ እያየ ይጠወልጋል። ከላይ ያለው ቢጫ ሆኗል። አባዬ ደግሞ ከጆንያው ጥቂት አሽቼ አፍንጫቸው ጋ ባስጠጋ «ደስ ይላል» ከማለት አላለፉም፤ ጉልበቱ አልቋል። ሰኞ ላይ አላስችል አለኝ። አልኮል ከተባለ ከእኛ አገር አረቄ የበለጠ አልኮል የት ይገኛል ብዬ ወጣሁ።

ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከአረቄ ቤት ስወጣ የተማሪ ወላጅ አያይም አትበሉ፤ ሦስቱን ሰላም ብያቸዋለሁ። ሻጯ ራሷ «መምህር፣ እርስዎም ጀመሩ?» ብላ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ቅጠሉን ከትፌ ዘፈዘፍኩት። አረቄው ከውሃ ጋር የተጋባ ኖሮ እንደ አጓት ደፈረሰ። ቢሆንም ጥጥ ነክሬ ወደ አባዬ አፍንጫ አስጠጋሁ።

አባዬ ብድግ አሉ። «ግርማ! ዛሬም ጠጣህ?»

«አባዬ፣ እኔ…»

«ዝም በል! እናቴን አፈር ልታስበላት ነው? ትናንት ከቦይ ውስጥ አይደለም እንዴ ያወጣሁህ?»

ቤተሰባችን ስለ አጎቴ ግርማ ሲያወራ እንደ መልአክ ነበር። አንደበቱ ጨዋ፣ አኗኗሩ ጨዋ እየተባለ ነው ያደግሁት። ለካ ይጠጣ ኖሯል። በራቸው ላይ የቆመችው አስካለ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። እኔ ከዚያ ቀን በፊት አረቄ ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩት ሰው አንገቴን ደፍቼ «ሁለተኛ አይለምደኝም» አልኩ። ምን ላድርግ? አባዬ እስኪማልላቸው ድረስ አልተቀመጡም።

ይህን ለኦቦ ደበላ ብነግራቸው ሳቁብኝ። ኦቦ ደበላ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ቤንዚን ለእሳቸው መድኃኒት ነው። «ባርሲሳ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለታቸው ነው። «ቤንዚን የማያወጣው ነገር ምን አለ? ግራሶ ያወጣል፣ ቀለም ያወጣል፣ ሬንጅ ያወጣል። የቅጠል ሽታ ነው የሚያቅተው?»

ጫልቱ ያለችው ትዝ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ግን ሰው ልቡ ከተነሣ ምክንያት አያጣም። ልጅቷ ስለ ላብራቶሪ ነው የምታውቀው፣ እኛ ደግሞ ሜዳ ላይ ነን፣ ነፋስ አለ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር ቤንዚኑ ጎበዝ ነበር። ቅጠሉ እንደገባ አረንጓዴ ሆነ። ኦቦ ደበላ «አላልኩህም?» ብለው ትከሻዬን መቱኝ።

ጠርሙሱን ይዤ ገና በሩን ከማለፌ አባዬ ቀና አሉ። «መኪናው መጣ እንዴ?»

ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ከዘራቸውን ያዙ። «የት ሊሄዱ ነው አባዬ?» ብላቸው «ሸነን ነዋ! እናቴ እየጠበቀችኝ» አሉና ወጥተው የግቢው በር አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እንዲገቡ ብንለምናቸው «ያመልጠኛል» ብለው እምቢ አሉ።

«ቤንዚኑ ስለሸተታቸው ነው» አሉ ኦቦ ደበላ። «ትሪ ላይ እናስጣው። ቤንዚኑ ይተናል፣ የቅጠሉ ይቀራል።» አሰጣነው። አስካለ በግቢው ወዲያኛው ጥግ ከሰል አያይዛ ቆሎ ትቆላለች። ርቀቱን በዓይኔ ለካሁት፤ የዓለምን በረሃዎች ስፋት የማስተምር ሰው ነኝ፣ ሩቅ ነው ብዬ ፈረድኩ። ከዚያ ሽታው ምን ላይ እንደደረሰ ለማየት ትሪው ላይ አጎነበስኩ።

ከምድጃው በኩል አንድ ሰማያዊ ነገር መሬት ለመሬት እየተሳበ ሲመጣ አየሁ። «ቡፍ!» አለ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የራሴ ቅንድብ ሲሸተኝ ነው። ብድግ ብዬ የውሃ ባልዲ ሳነሣ አስካለ «በውሃ አይደለም! በውሃ አይደለም!» እያለች ጮኸች፤ ኦቦ ደበላ በአካፋ አፈር እየዛቁ አለበሱት። እሳቱ ሲጠፋ የአባዬ ድምፅ ከበሩ በኩል ተሰማ።

«ሞተሩ ሞቆ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ሹፌሩን ትንሽ ያሳርፈው በሉት።»

ማታ ጫልቱ በስልክ መጮህ ብቻ ሳይሆን አለቀሰች። «ተኑ ከአየር ይከብዳል አጎቴ፣ በመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል! ሩቅ የሚባል ነገር የለም! ዓይንዎን ቢሆንስ?» አለችኝ።

ከዚያ ሁሉ ግን ያሳመመኝ ሌላ ነው። አባዬ ያን ዕለት ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ከድንጋዩ ላይ አልተነሡም። አስካለ ፊቴን ቅባት ቀብታ ከጨረሰች በኋላ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለታችንም መንገዱን እያየን የማይመጣ መኪና ጠበቅን። በመጨረሻ «ነገ ነው አሉ» አልኳቸው። «ሁልጊዜ እንዲሁ ናቸው» አሉና ክንዴን ይዘው ገቡ። ያን ጊዜ መተው ነበረብኝ። ጆንያው ውስጥ ግን ገና ጥቂት ቅጠል አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ እንደ ልማዳቸው «ግርማ፣ ከብቶቹን ሆራ አወረድካቸው?» ሲሉኝ ሰውነቴን ነዘረኝ። ሆራ! ለካ ስንት ጠዋት ሙሉ መፍትሔውን ሲነግሩኝ ኖረዋል!

እናንተ አምቦ ተወልዳችሁ ካላደጋችሁ አይገባችሁም። እኛ ውሃችን የማይሠራው ሥራ አለ ብለን አናምንም። ሆድ ቢነፋን እሱን ነው የምንጠጣው፣ ገላችን ቢያሳክከን እሱን ነው የምንታጠበው፣ ሊጥም እንለውስበታለን። ሌላ አገር ሰው ውሃ ለማፍላት እሳት ይለምናል፤ የእኛ ከመሬት ሲወጣ እየፈላ ነው። ጫልቱ ውሃ አይዘውም ያለችው የቧንቧውን ነው ብዬ ደመደምኩ። ኦቦ ደበላ አንድ ጀሪካን ከምንጩ ቀድተው አመጡልኝ። ለመቆም ግን አልደፈሩም፤ ከትሪው ወዲህ ከእኔ ጋር ሥራ መሥራት ትተዋል።

አሁን የቀረው እንፋሎቱን ማስቀረት ነው። አስካለ አንድ የምትሳሳለት ድስት አላት። ክዳኑ ይቆለፋል፣ ሲበስልም ያፏጫል። አዲስ ዓለም ያለችው እህቷ ናት ለሠርጋችን የሰጠቻት። አስካለ ማኅበር ሄዳ ነበርና አወረድኩት። የቀረውን ቅጠል ጨመርኩ፣ የሚፈላውን ውሃ ሞላሁበት፣ ቆለፍኩት። ከዚያ የሚያፏጭበትን ቀዳዳ አየሁ። ሽታው ሊያመልጠኝ የሚችለው በዚያ ነው። አረቄ የሚያወጡ ሴቶች የእንስራቸውን መጋጠሚያ በሊጥ ሲደፍኑ አይቻለሁ፤ እኔም በሊጥ ደፈንኩት። የእነሱ እንስራ ሌላ መውጫ እንዳለው፣ እንፋሎቱ በመቃው እንደሚሄድ ልብ አላልኩም። ድስቱም ለክፉ ቀን የተሠራች ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ነበረችው። እሷ ደግሞ ከስንት ዘመን ጀምሮ በምስር ተደፍና ኖራለች።

ከሰሉ ላይ ጣድኩት። መጀመሪያ ተንጫጫ። ከዚያ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዝም አለ። እኔ ዝም ሲል በሰለ ብዬ ደስ አለኝ። የቀረችኝን ቅንድብ ይዤ ጆሮዬን ወደ ክዳኑ ዝቅ አደረግሁ።

«ግርማ!»

ከዋናው ቤት ነው። የአባዬ ድምፅ ነው፤ ግን የሰሞኑ ድምፃቸው አይደለም። ያ የፍርድ ቤቱ ድምፅ ነው፣ ተከራካሪ ከሻይ ቤት የሚያስሮጠው። ከስንት ዓመት ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

«ግርማ!»

ንድድ አልኩ። ላንድ ስም ብዬ ፊቴን ያቃጠልኩ ሰው፣ አሁንም ግርማ! አልሄድም አልኩ። ግን ያን ድምፅ ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ እግሬ ራሱ ተነሣ። «አቤት!» እያልኩ፣ እያጉረመረምኩ ግቢውን አቋርጬ የዋናው ቤት ደረጃ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጓ! አለ።

ስዞር በኩሽናው በር በኩል፣ በተቀደደው ቆርቆሮ ጣሪያ ሰማይ ይታያል። ክዳኑ በዚያ ወጥቶ ሄዷል፤ በኋላ የኦቦ ደበላ ጓሮ ጎመን መሃል ተገኘ። የተቀቀለ ቅጠል ከግድግዳው፣ ከመደርደሪያው፣ ከበሩ ላይ ይንጠባጠባል። ምድጃው ተገልብጦ ከሰሉ ተበትኗል። እኔ አጎንብሼበት የነበረው ቦታ ላይ የድስቱ እጀታ ግድግዳው ውስጥ ተሰክቷል። አፈር በትኜ ፍሙን አጠፋሁና ወደ ደረጃው ተመልሼ ዝርግፍ አልኩ።

ሽታው ያን ጊዜ ነው የመጣው። እንደዚያ ማሩ እንደመጣበት ቀን፤ ኧረ ከዚያም ይበልጣል። ጫካው ግቢያችን ገባ ብላችሁ እመኑኝ። አባዬ የበሩን መቃን ይዘው ወጡ። በአፍንጫቸው ሳቡ። ኩሽናውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ። በስሜ ጠሩኝ። በዚያ ስም።

«ምን ሰበርክ?» አሉኝ።

«ድስት፣ አባዬ።»

«እናትህ ሳትመጣ ጥረገው።»

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጡና በአውራ ጣታቸው የቅንድቤን ቦታ ዳበሱኝ። «ይሄስ?» አሉ። «ወደቅሁ» አልኩ። «አንተ መቼም አደብ የለህም» ብለው ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አደረጉት። ይህ ነው እንግዲህ የተመኘሁት፤ ሌላ ምንም አልነበረም። በዚያች ሰዓት ሁለተኛውን ቅንድብ ጨምር ቢሉኝ እሰጥ ነበር።

ከዚያ አባዬ ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ አዩ። «ግርማስ? አሁን እኮ ስጠራው ነበር» አሉ።

ሽታውን እንደገና ሳቡት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲመጣ አየሁት፤ ላስቆመው ብችል የማልከፍለው ነገር አልነበረም።

«ግርማ ሞቷል እኮ» አሉ። «እኔ ነኝ ከቦዩ ያወጣሁት። ያን ቀን ግን…» አልጨረሱትም። አባዬ ሲያለቅሱ ዓይቼ አላውቅም፤ እናቴን ስንቀብር እንኳ ሰው ፊት አላለቀሱም። ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ መርዶው ገና አሁን የደረሳቸው ሰው ሆነው። ለእሳቸውማ አሁን ነው የደረሳቸው። ያደረሰው ደግሞ እኔ ነኝ፣ በሊጥ ደፍኜ፣ በከሰል አፍልቼ። ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ያለችው ያን ጊዜ ገባኝ።

አስካለ ከማኅበር ስትመለስ ጣሪያውን አየች፣ አፏን ከፈተች። ከዚያ አባዬን አየችና አፏን ዘጋች። በአንድ ጎናቸው እኔ፣ በአንድ ጎናቸው እሷ ሆነን ሽታው እስኪያልቅ ድረስ ተቀመጥን። ስለ ድስቱ ያነሣችብኝ ሰኞ ነው፤ እስካሁንም አልተወችም።

እሁድ ጫልቱ ዕቃዋን ይዛ መጣች። ጣሪያውን አይታ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከጆንያው ሥር አራግፋ ያገኘቻትን ቅጠል ከትፋ፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ከእሳት ርቃ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ አለ ምንም ጫጫታ ሠራችው። በሌላኛው እሁድ አጥልላ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሞላችልኝ። ከፍቼ ባሸት አልኮሉ ብን ይልና ከኋላው ያ ሽታ አለ፣ ሙሉውን። «ይሄኛውን ግን ይጠርቅሙት» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጠርሙሷን በኪሴ ይዤ የአባዬን ቁርስ አስገባሁ። ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ፈካ፤ የሚወዱት ሰው ከመንገድ የመጣላቸው ያህል።

«ግርማ፣ ከብቶቹን ሆራ አወረድካቸው?»

እጄ ኪሴ ውስጥ ጠርሙሷን ይዟል። ክዳኗን ነካሁት። ከዚያ እጄን ባዶውን አወጣሁና ትሪውን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«አወረድኳቸው፣ ጋሼ።»

«ጠጡ?»

«ጠጥተው ጠገቡ።»

«ጎሽ ወንድሜ» አሉና ወደ ቁርሳቸው ቀረቡ።